«እግዜር ይስጥልኝ» ብለን ስናልፍ

(በሬድዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)

ይህችን ጽሑፍ የምታነብቧት ምናልባት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ይሆናል። ከሆነ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ዛሬ የማነሣው ሰው ከእናንተ ሩቅ አይደለም። እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ ስለተቀመጠው አይደለም የማወራው። ስለሚከተላችሁ፣ እጅጌያችሁን ስለሚይዘው፣ የመኪና መስታወት ስለሚደበድበው፣ ካልሰጣችሁት ስለሚሰድባችሁና ስለሚረግማችሁ ሰው ነው።

ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጦር ኃይሎች፣ የባቡሩ መጨረሻ አካባቢ፣ የአየር ጤና ታክሲ እጠብቃለሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ማስቲሹን እጅጌው ውስጥ ደብቆ፣ «ፋዘር፣ ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም» አለኝ። እኔም ሁላችንም የምንለውን አልኩ፤ «እግዜር ይስጥልኝ»። ፊቱን እንኳ አላየሁትም። እጅጌዬን ያዘኝ። መነጨቅኩት። ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ኮት ለብሰህ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘህ! ልጅህን እንደ እኔ ያድርግልህ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ትንሿ ልጄ በዚያ ሳምንት ትኩሳት ይዟት ነበር። ሁለት ፌርማታ ሳልሄድ «ወራጅ አለ» አልኩ። በጭቃው ተመልሼ ፈለግሁት፣ አገኘሁት፣ መቶ ብር ሰጠሁት። ከዚያ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? «ልጄ ታማብኛለች፤ ያልከውን መልሰው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ ፋዘር፣ መልሼዋለሁ» አለኝ።

እኔ እንግዲህ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመራቂ ነኝ። ስለ እርግማን መሰበር እሰብካለሁ፤ በሰው ላይ እጄን ጭኜ እጸልያለሁ። ያን ማታ ለባለቤቴ መናገር አፈርኩ። የሰጠሁት ምጽዋት አልነበረማ! ጉቦ ነበር። ለልጁ ረሃብ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፤ መቶ ብሩን ያወጣሁት ለራሴ ፍርሃት ነው። ያለ ምክንያት የተነገረ እርግማን እንደምትበርር ወፍ ማረፊያ እንደማያገኝ ምሳሌ 26፥2 ላይ አለ። ክርስቶስ እርግማናችንን እንደ ተሸከመልን ገላትያ 3፥13 ላይ አለ። አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን በዚያው በምሳሌ መጽሐፍ፣ 21፥13 ላይ፣ ለድሃ ጩኸት ጆሮውን የደፈነ ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ ሰሚ እንደሚያጣም ተጽፏል። ያን ማታ ያስፈራኝ የልጁ አፍ ነበር። ሊያስፈራኝ የሚገባው ግን ይህ ቃል ነበር።

የለማኝን እርግማን መፍራት በአገራችን የቆየ ነው። ገና ሳይነጋ በየደጁ እየዞሩ በዜማ የሚለምኑትን ላሊበሎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ሐሚና የሚላቸውም አለ። የባለቤቱን ስም እያነሡ ያወድሳሉ፤ ከሰጣቸው ይመርቃሉ፤ ካልሰጣቸው ዜማው ወደ ስድብ ይዞራል። ብዙ ሰው የሚሰጣቸው ወድዶ ሳይሆን ቶሎ እንዲሄዱለት ነው። የሚገርመው እነርሱም ፈርተው ነው የሚመጡት። ልመናውን ከተውን ሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ከአባቶቻቸው ወርዶላቸዋል። ቤት ውስጥ ያለው ይፈራል፤ ደጅ የቆመውም ይፈራል።

ሥጋ ደዌን ካነሣሁ ደግሞ ዘነበወርቅን ሳልጠራ አላልፍም፤ ሰፈራችን ነውና። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራውን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ያቋቋሙት እዚያ ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት የተመሠረተውም እዚያው ነው። ሕመምተኛው ከየክፍለ ሀገሩ እየመጣ ታከመ። ሲድን ግን ብዙውን መንደሩ አልቀበለውም። ጣቶቹን ያጣ ሰው ማን ሥራ ይሰጠዋል? በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ፣ ከተማ ወጥቶ ለመነ። ዛሬ በሽታው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ሆኗል። ልመና ያልወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆሼ ላይ ቆሻሻ ይለቅም ነበር፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን መቅበሩን የዚህ ሰፈር ሰው አይረሳውም።

በጉባኤያችን አንዲት እናት አሉ። በዚያ ሰፈር ኖረው፣ ለብዙ ዓመታት ለምነው ልጆች ያሳደጉ ናቸው። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን፣ «እማዬ፣ ሰዉን እየተከተላችሁ የምትጮኹት ለምን ነበር?» አልኳቸው። «ዝም ካልክማ ማን ያይሃል ልጄ?» አሉኝ። «ሰው ሳንቲሙን ይጥላል እንጂ አያይህም። ሲሰድበኝ እንኳ፣ እሰይ፣ አየኝ እላለሁ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ በርጤሜዎስን እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም። ማርቆስ 10ን ክፈቱ። ኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚጮኽ ለማኝ ነው። ዝም በል ሲሉት ይብስበታል። ዝም በል ያሉትም ከኢየሱስ ጋር መንገድ የሚሄዱት ሰዎች ናቸው፤ እንደ እኛ ያሉ፣ ወደ ጉባኤ የሚቸኩሉ። ጌታ ግን ቆመ። አስጠራው። ከዚያ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው። ዓይነ ስውር መሆኑን እያየ ጠየቀው! ደግሞም አስቡት፤ ስለ ጸሎት ሲያስተምር በእኩለ ሌሊት በር የሚያንኳኳውን ሰው ምሳሌ አድርጎልናል። ሉቃስ 11 ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን «ንዝነዛ» የሚል ቃል ይጠቀማል። በአምላክ ደጅ እኛው ነዝናዦች ነን።

አሁን ወደዚያች ወደ «እግዜር ይስጥልኝ» ልመለስ። የሰጠንን የምናመሰግንባትም፣ የማንሰጠውን የምናሰናብትባትም ቃል እርሷው ናት። ፈታ አድርጋችሁ ስሟት፤ እግዚአብሔር በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለት እኮ ነው። ያዕቆብ 2፥15-16 የራበውን ወንድም በመልካም ምኞት ብቻ የሚሸኘውን አማኝ ሲወቅስ የጦር ኃይሎችን ሰልፍ ያየ ይመስላል።

«በማርያም ስም ስለለመነኝ አልሰጠሁትም» የሚሉኝ ወገኖች አሉ። ወገኔ፣ የራበው ሰው የሃይማኖት ትምህርት ሊፈተን አልመጣም። የሚያውቀውን ስም ጠርቶ ለመነህ። እስቲ እኔም ልጠይቅህ፤ ወር በገባ በ21 በማርያም ደጅ፣ ዓርብ ዓርብ በመስጊድ በር የሚቀመጠውን ረድፍ አይተሃል። በእኛ አዳራሽ በር ስንቱ ይቀመጣል? ለማኝ የሚሰጥበትን ደጅ ያውቃል። ይህ ጥያቄ እኔንም መጋቢውን እንቅልፍ ይነሣኛል።

ሊሠራ የማይወድ አይብላ የምትለውን ትምህርትማ (2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10) በጣም እንወዳታለን! ጳውሎስ የጻፋት ግን ጉባኤ ውስጥ ሥራ ትተው ለሚዞሩ አማኞች ነው። ሥራ የማይወድና ሥራ ያጣ አንድ አይደሉም።

ይህን ስል ለያዛችሁ ሁሉ ቦርሳ ክፈቱ አላልኩም። በተለይ እኅቶቼ፣ ሲመሽ ብቻችሁን ከሆናችሁ አትቁሙ፤ ቦርሳም ስልክም አታውጡ። ሦስት አራት ሆነው መኪናችሁን ከከበቡ መስታወቱን ዝጉና ሂዱ። ኃጢአት የለበትም፤ ጌታ ራሱ በናዝሬት ሊጥሉት ሲይዙት በመካከላቸው አልፎ ሄዷል (ሉቃስ 4፥30)። ልትሰጡ ያሰባችሁትን ከቤት ስትወጡ ለይታችሁ በሌላ ኪስ ያዙ፤ ያኔ የምትሰጡት አስባችሁበት እንጂ ተይዛችሁ አይሆንም። ማስቲሽ ለያዘ ልጅ ከብር ይልቅ ዳቦና ሻይ ይሻላል። የተከራየ ሕፃን ታቅፎ፣ የሐሰት የሐኪም ወረቀት ይዞ የሚለምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ተታልዬም አውቃለሁ። ለዚያ ብዬ እጄን አላጥፍም። የሌላችሁ ቀን ደግሞ ዓይኑን አይታችሁ «ወንድሜ፣ ዛሬ አልያዝኩም» በሉት። ከረገማችሁ እናንተ ባርኩት (ሮሜ 12፥14)። እርግማኑን በብር አትግዙት።

እኛ ጴንጤዎች ከሐዋርያት ሥራ 3 ተአምሩን ይዘን እንሮጣለን። ጴጥሮስ ግን አስቀድሞ ሰውየውን ትኩር ብሎ አየው፤ ኋላም ቀኝ እጁን ይዞ አነሣው። ልጁ የኔን እጅጌ ነበር የያዘው። ጴጥሮስ ግን እርሱ ራሱ የለማኙን እጅ ያዘ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጦር ኃይሎች ሄጄ ልጁን ፈለግሁት። አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ አገኘሁትና ዳቦ በሻይ አዘዝኩ፤ አብሬው ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። እርሱ ቀደመኝ።

«ፋዘር፣ ልጅህ ተሻላት?» አለኝ።

ድናለች አልኩት። ስሙን የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው።