ካፒቴኑ ሲሳሳት ማን ያርመዋል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ተናጋሪዎች ከባድ ከባድ ጉዳዮችን አንሥተዋል። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ትርኢት፣ ያውም ስለ ትርኢቱ ስሕተቶች ልናገር ስነሣ «ይህ ልጅ ጊዜያችንን ሊያባክን ነው» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ትዕግሥታችሁን ግን እለምናለሁ፤ የነገሬ መጨረሻ ወደ ራሳችን ቤተ ሙከራ ያደርሰናልና።

ትርኢቱ «ስታር ትሬክ» ይባላል። የፈጠረው ጂን ሮደንቤሪ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ከ1966 እስከ 1969 ድረስም 79 ክፍሎች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታይተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) ታሪኩ ባጭሩ፣ ካፒቴን ኪርክ የሚያዝዛት «ኢንተርፕራይዝ» የተባለች የጠፈር መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ ስትጓዝ የሚደርስባት ነው። የካፒቴኑ ረዳት ጆሮው ሾጣጣ የሆነው፣ ስሜቱን ሁሉ በአእምሮው የሚገዛው ሚስተር ስፖክ ነው።

እኔ ይህን ትርኢት በመኝታ ክፍላችን በኮምፒዩተር ሳይ፣ የክፍል ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ ስሕተት ይለቅማል። አንድ ማታ «ይህን ያህል ስሕተት ያለበትን ነገር እየወደድህ ሳይንስ እማራለሁ ማለትህ ያሳፍራል» አለኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ለእርሱ የዘገየ መልስ ነው።

አስቀድሜ ግን ጓደኛዬ እውነት እንዳለው ልመስክርለት። በ1966 በታየው አንድ ክፍል ውስጥ የካፒቴኑ ጠላት የሆነ ሰው ለካፒቴኑ የመቃብር ድንጋይ ሲያዘጋጅ «ጄምስ አር ኪርክ» ብሎ ጻፈበት፤ በኋላ ግን ካፒቴኑ «ጄምስ ቲ ኪርክ» ሆኖ ቀረ። በዚያው ክፍል ስፖክ ከቀድሞ አባቶቹ አንዱ የሰውን ዘር እንዳገባ ይናገራል፤ በ1967 ደግሞ የሰው ዘር የሆነችው የገዛ እናቱ ሆና መጣች። ካን የተባለው ክፉ ሰው በ1967 ሲታይ ቼኮቭ የተባለው መኮንን ገና ወደ ትርኢቱ አልገባም ነበር፤ በ1982 በወጣው ሲኒማ ግን ካን ቼኮቭን ገና ሲያየው መልኩን እንዳልረሳው ይነግረዋል። ዘመኑም ቢሆን አይገናኝም። በአንድ ክፍል ካን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሁለት መቶ ዓመት እንደ ተኛ ይነገረዋል። በሌላው ክፍል ደግሞ አንድ ፍጡር ከመሬት 900 የብርሃን ዓመት ርቆ ተቀምጦ የናፖሊዮንን ዘመን ያያል። ብርሃኑ እስኪደርስለት 900 ዓመት ካስፈለገው፣ መርከቧ ያለችው በ2700 ዓመተ ምሕረት አካባቢ መሆኑ ነው።

እነዚህ የጥድፊያ ስሕተቶች ናቸው። በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ ማቅረብ ግዴታ ነበር፤ ደራሲዎቹም ብዙ ነበሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው። አንዳንዱም ስሕተት ሳይሆን ዐውቆ የተደረገ ምርጫ ነው። ሰዎቹን በቅጽበት ከመርከቧ ወደ መሬት የሚያወርደው መሣሪያ የተፈጠረው፣ መርከቧን በየሳምንቱ ስታርፍ ማሳየት ብዙ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ነው።

የሳይንሱ ስሕተት ግን ሌላ ነው። መርከቧ በባዶ ጠፈር ስታልፍ እንደ አውሎ ነፋስ ትጮኻለች፤ ድምፅ የሚጓዝበት አየር በሌለበት ቦታ ምን ይጮኻል? በሌላ ክፍል ደግሞ አንዱ ከቁስ፣ ሌላው ከፀረ ቁስ የተሠሩ ሁለት መልከ አንድ ሰዎች ቢገናኙ ፍጥረተ ዓለሙ በሙሉ እንደሚጠፋ ይነገረናል። እኔና ጓደኛዬ ነገሩን በወረቀት አሰላነው። እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ሁለቱ ሲጠፋፉ የሚወጣው ኀይል በ1961 ሶቪየት ኅብረት ካፈነዳችው ታላቅ ቦምብ ከ60 እጥፍ በላይ ይሆናል። ለአንድ አገር ይህ ታላቅ መዓት ነው። ይሁን እንጂ ፀሐይ ያንኑ ያህል ኀይል በመሬታችን ላይ በአንድ ደቂቃ ከሩብ ገደማ ታፈስሳለች፤ ፍጥረተ ዓለሙም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በ1967 የታየ «ኮርት ማርሻል» የሚባል ክፍል አለ። ካፒቴን ኪርክ፣ ፊኒ የተባለውን የመዝገብ ሹም በጥፋቱ ገድሏል ተብሎ ይከሰሳል። ካፒቴኑ አላጠፋሁም ይላል፤ የመርከቧ ኮምፒዩተር መዝገብ ግን አጥፍተሃል ይላል። ኮምፒዩተር አይዋሽም ተብሎ ስለሚታመን ካፒቴኑ ሊፈረድበት ይደርሳል።

በመጨረሻ ፊኒ አልሞተም፣ በመርከቧ ውስጥ ተደብቋል የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። ካፒቴኑም ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ሰው የልብ ትርታ እንዲሰማ አደርገዋለሁ ሲል ያስረዳል፤ የመስማት ችሎታውን አንድን አራት ጊዜ ደጋግመን በራሱ ስናባዛ በምናገኘው መጠን አሳድገዋለሁ ይላል። ወንድሞቼ፣ አንድ በአንድ ሲባዛ አንድ ነው። አራት ጊዜ አይደለም መቶ ጊዜ ቢያባዙትም አንድ ነው። ካፒቴኑ የተናገረው ምንም አልጨምርም ማለት ነው። ነገር ግን በግርማ ተናገረው፤ በዙሪያው የተቀመጡት ትልልቅ መኮንኖችም በጥሞና አዳመጡት፤ እጁን ያነሣ አንድም ሰው የለም። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስሕተቱ በዚህ አያበቃም። የመርከቧ ሞተር ሲጠፋ መርከቧ ከምሕዋሯ እየወረደች ልትወድቅ ትደርሳለች። በ1958 የተመነጠቀችው «ቫንጋርድ 1» የተባለች ሳተላይት ግን ክብደቷ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ነው፤ በምሕዋሯ የሚያቆያት ሞተር የላትም፤ ሬድዮዋም በ1964 ጸጥ ብሏል፤ ዛሬም ድረስ መሬትን እየዞረች ነው። ዝቅ ብሎ የሚዞር ነገር በስሱ አየር እየተገታ እንደሚወርድ እውነት ነው፤ ሰው የተለየው «ስካይላብ» እንኳ የወደቀው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1979 ነው። በሰዓታት ውስጥ ግን አልወደቀም።

እንግዲህ ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ክፍል ወደ ቆሻሻ ጣለው ይላል። እኔ ግን ከ79ኙ ክፍሎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። ካፒቴኑን ያዳነው ምን መሰላችሁ? ስፖክ ብቻውን ተቀምጦ ከኮምፒዩተሩ ጋር ቼዝ ይጫወታል። ሐኪሙ ይህን አይቶ በእንዲህ ያለ ቀን ጨዋታ ምንድር ነው ብሎ ይቈጣዋል። ስፖክ ግን እየተጫወተ አልነበረም። ኮምፒዩተሩን ለቼዝ ያሰናዳው እርሱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ ከእኩል ለእኩል የተሻለ ውጤት ሊያገኝ እንደማይችል ያውቃል። ደጋግሞ አሸነፈው። ስለዚህ መሣሪያው ተነካክቷል፤ መዝገቡም ሊታመን አይችልም። ሁሉ ያመነውን መዝገብ የመረመረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የመረመረውም በሚያውቀው ትንሽ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ኀጢአት ልናዘዝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመሬትን ስበት በፔንዱለም እንድለካ ታዘዝሁ። የብረት ኳስ በክር አንጠልጥዬ ለካሁ፤ አሰላሁ፤ 9.3 መጣልኝ። መጽሐፉ 9.81 ይላል። ምን አደረግሁ? የሰዓቱን ቍጥር በጥቂቱ ቀነስሁና 9.81 አደረግሁት። የመጀመሪያውንም ቍጥር በላጲስ አጠፋሁት። ወረቀቴ በጥሩ ማርክ ተመለሰልኝ።

ከዓመት በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ ሥራውን እንደ ገና ሠራሁት። ስሕተቱ የክሩ ርዝመት ላይ ነበር። የለካሁት እስከ ኳሱ ራስ፣ 47.5 ሳንቲሜትር ነበር፤ መለካት የነበረብኝ እስከ ኳሱ መካከል፣ 50 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ሳርም የመጣልኝ 9.78 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ተማርሁ፤ 9.81 ለአውሮፓ አገሮች የሚስማማ ቍጥር ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብና ከፍታ ላይ ስላለች፣ የእኛ ስበት በእውነት ወደ 9.78 ነው። እኔ በሐሰት የጻፍሁት የሌላ አገር ስበት ነበር። የመጀመሪያውን ቍጥር ባልፍቀው ኖሮ የአገሬን ቍጥር በዓመት ቀድሜ ባገኘሁት ነበር።

እንግዲህ ለጓደኛዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የእነዚያ ሰዎች ስሕተት ወደ 60 ዓመት ሆኖታል፤ ዛሬም በግልጽ ይታያል፤ ማንም አይቶ ሊያርመው፣ ሊማርበትም ይችላል። የእኔን ግን እኔው ፍቄዋለሁና መምህሬም እንኳ ሊያርመኝ አልቻለም። ከሁለታችን ሳይንስን የበደለ ማን ነው?

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። ለእናንተ ለጓደኞቼ፦ በቤተ ሙከራ የመጣላችሁን ቍጥር በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ስታርሙም በላዩ አስምሩበት እንጂ አትፋቁት፤ ከማስረከባችሁም በፊት ደብተራችሁን ተለዋወጡ። ለክቡራን መምህራኖቻችን ደግሞ፦ 9.3 ብሎ ጽፎ «ለምን እንደ ሆነ አላውቅም» ላለው ተማሪ፣ 9.81 ብሎ በንጽሕና ከጻፈው ያላነሰ ማርክ ስጡት። ያን ጊዜ ካፒቴኑ ሲሳሳት እጁን የሚያነሣ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም።

 በንግግሬ ውስጥ ስሕተት ያገኛችሁ ካላችሁም፣ እባካችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩኝ።