የደም ሥር ዘበኛ



ወንዝ በጠባብ ሸለቆ ሲወርድ ይበረታል፤ ሜዳ ላይ ሲሰፋ ግን ጕልበቱ ይደክማል። በሰውም ደም ላይ ይኸው ይደርሳል። ሰውነት ከቍስል ወይም ከሳንባ ምች የገባበትን ተውሳክ ሲዋጋ ራሱን የሚጐዳበት ሕመም ሴፕሲስ ይባላል። ሲጸናም የደም ሥሮች ይላላሉ፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ኵላሊትና አንጐልም በቂ ደም ያጣሉ።

በዚህን ጊዜ ከአንጐል በታች ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን አብዝታ ታፈሳለች፤ እርሱም የላሉትን ሥሮች ያጠባል። ሕመሙ ሲራዘም ግን የተከማቸው እየተመናመነ ይሄዳል። የአሜሪካ ሐኪሞች በ1997 እ.ኤ.አ. ጕድለቱን ስለ ገለጡ፣ ኖርአድሬናሊን ብቻውን በማይበቃበት ጊዜ ቫሶፕሬሲን በጥቂት በጥቂቱ በደም ሥር ይሰጣል።

ይሁን እንጂ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው በ778 ሕሙማን ላይ የተደረገ ምርመራ፣ ቫሶፕሬሲን መጨመሩ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን በጕልህ እንዳልቀነሰ አስረድቷል። ሆርሞኑ ግፊቱን ይደግፋል እንጂ የሕመሙን ምንጭ አያደርቅምና፤ ይህ የሚሆነው ተውሳኩን የሚገድል መድኀኒት በጊዜ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ቍስለኛ ወይም ሕመምተኛ ብርክ ቢይዘው፣ ትንፋሹ ቢፈጥን፣ አእምሮውም ቢደናገር ሳይነጋ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።