ኮምፒዩተሩ ኩንታል አይቆጥርም
(ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መጋዘንና ስለ ሒሳብ መዝገብ ነው። «ይህማ የሒሳብ ሹሙ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባችኋል። በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና እህል የእናንተ ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈውም ዕዳ የእናንተ ነው። መዝገቡ ከተሳሳተ አንዱ ያልወሰደውን ይከፍላል፤ ሌላው የወሰደውን ሳይከፍል ይቀራል። ወይም ደግሞ ምንም ያላጠፋ መጋዘን ጠባቂ ሌባ ይባላል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። ዳሩ ግን በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት፣ በገጠር የተጻፈውን አንብቦ የሚያረጋግጥ ሰው ጥቂት ነበር። ብዙው ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል፤ ምን ላይ እንደፈረመ የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። ዛሬ እናንተ ቁጥር ታነባላችሁ፤ ስማችሁን ትጽፋላችሁ። ታዲያ ይህ ዕውቀት በእጅጉ ከሚጠቅምባቸው ቦታዎች አንዱ የመጋዘኑ በር ነው።

አሁን በዩኒየኖችና በአንዳንድ መሠረታዊ ማኅበራት ሒሳብ የሚያዘው በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ሒሳቡን የሚሠራበት ፕሮግራም ሶፍትዌር ይባላል። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የለመዱት ፒችትሪ የሚባለውን ነው። ስሙ በኋላ ሴጅ 50 ቢባልም ብዙው ሰው ፒችትሪ ማለቱን አልተወም።

ይህን መሣሪያ አንዳንዱ ሰው ይፈራዋል። አንዳንዱ ደግሞ «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» ብሎ ሙሉ በሙሉ ያምነዋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። በመደመርና በመቀነስ አይሳሳትም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዐይን የለውም። መጋዘን ገብቶ ኩንታል አይቆጥርም። ሰው 60 ብሎ ከጻፈለት 60 ነው፤ 600 ብሎ ከጻፈለትም 600 ነው ብሎ ይቀበላል።

እንዲያውም ስሕተቱን ያበዛዋል። እንዴት ነው ነገሩ? ትሉ ይሆናል። በወረቀት መዝገብ ጊዜ የመጋዘኑ ካርድ ለብቻው ነው። የአባሎች ዕዳ መዝገብ ለብቻው ነው። የሽያጭ መዝገቡም እንደዚሁ። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። በኮምፒዩተር ግን የሽያጭ ደረሰኝ አንዴ ሲጻፍ፣ ከመጋዘኑ ላይ ይቀንሳል፤ በአባሉ ዕዳ ላይ ይጨምራል፤ ሽያጩንም ይመዘግባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ነው። ይህ ትልቅ ድካም ያስቀራል። የተጻፈው ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ ግን ሁሉም ቦታ በአንድነት ይሳሳታል። መዝገቦቹም እርስ በርሳቸው ስለሚስማሙ ስሕተቱ አይታይም።

ለምሳሌ ያህል ማዳበሪያን እንውሰድ። 1 ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የዩሪያ ከረጢት ግን 50 ኪሎ ነው። ስለዚህ 2 ከረጢት 1 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። በአነጋገራችን ደግሞ ከረጢቱንም ጭምር ኩንታል እንለዋለን፤ ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። አንድ አባል 6 ከረጢት ወሰደ እንበል። ይህ 3 ኩንታል ነው። ጸሐፊው ግን 6 ኩንታል ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባ። የሰውየው ዕዳ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ።

በዚያው ቀን ሌላ አባል 6 ከረጢት ወሰደ። የእርሱ ደረሰኝ ወረቀቶች መሐል ገብቶ ቀረ፤ ሳይመዘገብ ዋለ። አሁን እናስላ። በእውነት ከመጋዘን የወጣው 3 ኩንታልና 3 ኩንታል፣ በጠቅላላው 6 ኩንታል ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የወጣውም 6 ኩንታል ነው። መጋዘኑ ቢቆጠር ልክ ይመጣል! ቆጣሪዎቹም «ተስማምቷል» ብለው ይፈርማሉ። አንዱ አባል ግን ያልወሰደውን 3 ኩንታል ሊከፍል ነው። ሌላው በነጻ ወስዷል። ይህን ስሕተት የሚያገኘው ቆጠራ አይደለም። የሚያገኘው ደረሰኙን በእጁ የያዘውና ያነበበው አባል ነው።

ለዚህ ነው ደረሰኞች ተከታታይ ቁጥር የሚታተምባቸው። ከ101 እስከ 150 የተሰጠ እንደሆነ፣ 50ውም መመዝገብ አለበት። 127 ከሌለ የት ሄደ? ተበላሽቶም ከሆነ ወረቀቱ «ተሰርዟል» ተብሎ ከነቅጂው ይቀመጣል እንጂ አይቀደድም። መብራት ጠፍቶ በወረቀት ሲሠራ ከተዋለም፣ መብራት ሲመጣ አንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዳይጻፍ የሚጠብቀን ይኸው ቁጥር ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወደ መጋዘን የሚገባ ዕቃ በሞዴል 19 ይገባል፤ የሚወጣው በሞዴል 22 ይወጣል። ማኅበራትም የየራሳቸው ገቢና ወጪ ደረሰኝ አላቸው። ስሙ ምንም ይሁን ምን ያለ ወረቀት የሚገባም የሚወጣም ዕቃ መኖር የለበትም።

መኪናው ማታ ደረሰ እንበል። ገበሬው ዘር ሊዘራ ቸኩሏል፤ ዝናብም መጥቷል። ማዳበሪያው በማለዳ ታደለ። የወጣው በዚያው ቀን ተመዘገበ፤ የገባበት ደረሰኝ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው የተጻፈ። በእነዚህ ቀናት ኮምፒዩተሩ «በመጋዘን ያለው ከዜሮ በታች 40 ኩንታል» ሊል ይችላል። መቼም ከባዶ ጎተራ በታች ጎተራ የለም! እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ ገቢው አልተጻፈም፣ ወይም ወጪው በዝቶ ተጽፏል ማለት ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ግን ወረቀቱን በመፈለግ ፈንታ፣ ቁጥሩን ለማስተካከል ሲል 40 ኩንታል ከልቡ ፈጥሮ ይጨምራል። በኋላ እውነተኛው ገቢ ሲጻፍ መዝገቡ በ40 ኩንታል ይተርፋል። በቆጠራ ጊዜም የሌለ ማዳበሪያ ይፈለጋል። መጋዘን ጠባቂውም «40 ኩንታል የት አደረስህ?» ይባላል።

ቀንም ያሳስታል። ከውጭ የመጡት ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን የሚባል 13ኛ ወር አያውቁም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ብንጽፍላቸው፣ የፈረንጆች 2ኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው እምቢ ይላሉ። እምቢ ማለታቸው ደግ ነው። የሚያስቸግረው ዝም ብለው የሚቀበሉት ነው። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለውጦ ወሩን ሳይለውጥ፣ ጥር 5ን 5/5 ብሎ የጻፈ ሠራተኛ፣ ሽያጩን ወደ ሚያዝያ 27 ወሰደው ማለት ነው። የጥር ሒሳብ ጎደለ፤ የሚያዝያው ተረፈ።

አሁን ወደ ቆጠራ እንምጣ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ መቁጠር የግድ ነው። በየወሩ ደግሞ አንድ ሁለት ዓይነት ዕቃ መርጦ በድንገት መቁጠር ይጠቅማል። የሚቆጥሩት ሰዎች በኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቁጥር አስቀድመው ማወቅ የለባቸውም። «120 መሆን አለበት» ከተባለ ሰው 120 እስኪያገኝ ነው የሚቆጥረው። ክምሩንም ከፊት አይቶ ማባዛት አይበቃም፤ መሐሉ ባዶ ሊሆን ይችላልና። የተቀደደ ከረጢት በሚዛን ይመዘናል።

በእህል በኩል ግን ሌላ ነገር አለ፤ ይህንን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እህል ይደርቃል። በቆሎ ሲገዛ ከ100 ኪሎው 16 ኪሎው ውሃ ነው እንበል። የቀረው 84 ኪሎ ደረቁ ነው። በመጋዘን ቆይቶ እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ ሲወርድ፣ ያ 100 ኪሎ ወደ 96 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ማንም አልነካውም። 100 ኩንታል ከነበረ 3 ኩንታል ተኩል ያህል በነው ሄዱ ማለት ነው። ነቀዝና አይጥ የበሉት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ኮምፒዩተሩ ይህን አያውቅም፤ 100 እንዳለ ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ እህል ሲገባ እርጥበቱ ተለክቶ በደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት። ያ ካልተደረገ ጉድለቱ የድርቀት ይሁን የስርቆት መለየት አይቻልም። ሌባው «ደረቀብኝ» ብሎ ያመልጣል፤ ንጹሑ ሰው ደግሞ «ደረቀብኝ» ቢል የሚያምነው ያጣል።

ጉድለት ሲገኝ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ወረቀት ይፈለጋል። ከባለፈው ቆጠራ ወዲህ ያሉት ደረሰኞች አንድ በአንድ በኮምፒዩተሩ ካለው ጋር ይመሳከራሉ። ምክንያቱ ከታወቀ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ በኮሚቴው ተፈርሞ፣ ማስተካከያው በራሱ ቀን ይመዘገባል። የቆየውን ጽሑፍ ገብቶ ማጥፋት ወይም መለወጥ ግን ዱካ ማጥፋት ነው። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ማን ምን ጊዜ ምን እንደለወጠ ሊመዘግቡ ይችላሉ። ይህ የሚሠራው ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ የምሥጢር ቃል ሲገባ ነው። አንድ ቃል ለሁሉም ከሆነ፣ ጥፋቱ የማንም አይሆንም። ዕቃውን የሚይዘው፣ በኮምፒዩተር የሚጽፈውና የሚቆጥረው ሰው አንድ መሆን የለበትም። ሠራተኛ በጠፋበት ትንሽ ማኅበር ይህ ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ቢያንስ ቆጠራው ላይ የቁጥጥር ኮሚቴው ይኑር።

እናንተስ? ማዳበሪያ ስትወስዱ ከመፈረማችሁ በፊት ደረሰኙን አንብቡ። ስማችሁን፣ ቀኑን፣ የዕቃውን ዓይነት ተመልከቱ። ከቁጥሩ አጠገብ «ከረጢት» ነው ወይስ «ኩንታል» የተባለው? ያልተሞላ ባዶ ደረሰኝ ላይ ማንም ቢለምናችሁ አትፈርሙ። ጎረቤታችሁ ማንበብ ካልቻለ አንብቡለት። ቅጂውን ውሃና አይጥ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ብድር ከመክፈላችሁ በፊት፣ የዕዳ ዝርዝራችሁ ከኮምፒዩተሩ ታትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና ከቅጂዎቻችሁ ጋር አስተያዩ። ካልተስማማ ሁለቱንም ይዛችሁ ወደ ቁጥጥር ኮሚቴው ሂዱ፤ ካልሆነም በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሥታችሁ የደረሰኙን ቁጥር እያነበባችሁ ጠይቁ። ጥያቄ ያለው አሁን እጁን ያንሣ፤ ደረሰኝ ይዞ የመጣም ካለ አብረን እናየዋለን።