አልነሣም ያለ ኮምፒዩተር፤ የምርመራ ሥርዐትና የባለሙያው ኀላፊነት

(በማኅበሩ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አልነሣም ያለ ኮምፒዩተር እንዴት ይጠገናል የሚለው ርእስ በእናንተ በባለሙያዎች ፊት ሲቀርብ ተራ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የዓመታት የሂሳብ መዝገቡን ወይም የሕሙማኑን ታሪክ በአንድ ዲስክ ላይ ላስቀመጠ ድርጅት ጉዳዩ ቀላል አይደለም። መሣሪያው በገንዘብ ይተካል፤ መዝገቡ ግን አይተካም። መዝገቡንም ከብልሽቱ ይልቅ የጠጋኙ ችኮላ ሲያጠፋው እናያለን።

«ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ምርመራው መሣሪያው የሚነሣበትን ቅደም ተከተል መከተል አለበት። አስቀድሞ ፓወር ሰፕላዩ ከመስመር የሚቀበለውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለውጣል፤ ኀይሉ መርጋቱን የሚገልጽ ምልክትም ለማዘርቦርዱ ያስተላልፋል። ይህ ምልክት ሳይደርስ ፕሮሰሰሩ ሥራ አይጀምርም። ቀጥሎ ባዮስ፣ በአዲሶቹ መሣሪያዎችም ዩኢኤፍአይ የሚባለው የመነሻ ፕሮግራም ሜሞሪውንና ሌሎቹን ክፍሎች ይፈትሻል። በመጨረሻም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከዲስኩ ላይ ፈልጎ ሥራውን ያስረክበዋል።

እንግዲህ መሣሪያው የቆመበት ደረጃ የሕመሙን ስፍራ ያመለክታል። መብራትም የማራገቢያ ድምፅም ከሌለ ሶኬቱን፣ ገመዱን፣ ማብሪያውንና ፓወር ሰፕላዩን መመርመር ነው። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ከጨለመ የሜሞሪ ካርዶቹን አውጥቶ አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር ይገባል። ድምፅ የሚያሰማ እንደ ሆነም ድምፁ መልእክት አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ፍተሻው በደኅና ሲፈጸም አንድ አጭር ድምፅ ያሰማ ነበር። የድምፆቹ ትርጉም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የመሣሪያውን መመሪያ መመልከት ግድ ነው። ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ ደግሞ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሰል የ3 ቮልት ባትሪ መድከሟን መጠርጠር ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ሕጎች ይጠበቁ። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለወጥ፤ ሁለት ክፍሎችን በአንድነት የለወጠ ሰው መሣሪያው ቢነሣለት እንኳ ምክንያቱን አያውቅም። ሁለተኛ፣ የፓወር ሰፕላዩ ሣጥን አይከፈት፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉና።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እደርሳለሁ። ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ ስክሪኑ የሚነሣበት ዲስክ አለመገኘቱን ሲገልጽ፣ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ፍርድ ቶሎ ይሰጣል። ይህ ግን መሣሪያውን አድኖ መዝገቡን መቅበር ነው። በተለይ ኤስኤስዲ በሚባለው ዲስክ ላይ ከፎርማት በኋላ የጠፋውን መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ አስቀድሞ የዲስኩ ገመድና ዲስኮቹ የሚነበቡበት ቅደም ተከተል ይታይ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ መሣሪያው ወዲያው ይዘጋ፤ ደጋግሞ ማስነሣቱ ጉዳቱን ያብሳልና። ዲስኩ የሚነበብ ከሆነ ሙሉ ቅጂው ወደ ሌላ ዲስክ ይወሰድና ጥገናው በቅጂው ላይ ይካሄድ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቈለፈ ከሆነም፣ ማዘርቦርዱ ከመለወጡ በፊት ባለ48 አኀዙ የመልሶ መክፈቻ ቁልፍ መኖሩ ይረጋገጥ።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ባለንብረቱን «በውስጡ ምን አለ? ቅጂውስ የት ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በሥራ ትእዛዙ ላይ እንጻፍ። ያለ ባለንብረቱ የጽሑፍ ፈቃድም ማንኛውንም ዲስክ ፎርማት አናድርግ። ይህ ከሙያው ዕውቀት ባልተናነሰ የታማኝነት ጉዳይ ነው፤ ሰው መሣሪያውን ሲሰጠን ሥራውንና ምስጢሩን አብሮ ሰጥቶናልና።