አቧራና ጢስ የአፍንጫን አለርጂ እንዴት እንደሚያባብሱ
(በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ለሚኖሩ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ማስነጠሱ ስለማያባራ፥ አፍንጫው እንደ ውሃ ስለሚፈስ፥ ዓይኑን ስለሚያሳክከው ልጅ ነው። ብዙዎቻችን «ጉንፋን ነው፥ ይለቀዋል» ብለን እናልፈዋለን፤ ሌላውም «ሳይነስ» ይለዋል። ጉንፋን ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ይለቃል። ትኩሳት ሳይኖረው፥ እያሳከከ፥ በየዓመቱ በዚያው ወራት የሚመላለስ ከሆነ የአፍንጫ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

መነሻው ምንድር ነው ትሉ ይሆናል። ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲያብብ የአበባው ዱቄት በነፋስ ይበናል። የአንዳንዱ ሰው ሰውነት ይህን ዱቄት እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ ማስነጠሱም ንፍጡም ከዚህ የተነሣ ነው። አቧራና ጢስ ሲጨመሩበት የአፍንጫን ስስ ልባስ ያስቆጡታል፥ ያሳብጡታል። የተቆጣ አፍንጫ ደግሞ ጥቂቱን ዱቄት እንኳ አይችልም።

በበጋ፥ የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት በዓል ዳገቱን ስንወጣ፥ የእግር መንገዱን አቧራ ነጠላችን ይመሰክራል። የማይታየው ግን ከሚታየው ይከፋል። በጢስ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ከጠጉራችን ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ አፍንጫ አጣርቶ ስለማያስቀረው እስከ ሳንባ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ይህ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። ጢስ መውጫ በሌለው ማድቤት በባሕር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ሲጋገር ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እናቲቱ የምትስበውን ጢስ በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃንም ይስበዋል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፤

1ኛ/ ቤት ከመጥረጋችን በፊት ወለሉን ውሃ እንርጨው፤ ዕቃውንም በእርጥብ ጨርቅ እንወልውል።

2ኛ/ እንጨቱንና ቅጠሉን በደንብ አድርቀን እናንድድ፤ ለማድቤቱም ጢስ መውጫ እናብጅለት።

3ኛ/ በጋገራ ጊዜ ሕፃኑን አናዝለው፤ ጢስ በሌለበት ስፍራ ለታላቁ ወይም ለጎረቤት እንስጠው።

4ኛ/ ብርድ ልብሱንና ፍራሹን ውጭ አውጥተን እናራግፍ፥ ፀሐይም እናስመታው። የታመመው ልጅ በዚያን ጊዜ ራቅ ይበል።

5ኛ/ ከመንገድ ስንገባ ፊታችንን እንታጠብ። ትልቅ ሰው አፍንጫውን ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ቢያጥበው ይቀለዋል።

«በባሕር ዛፍ ቅጠል ላጥነው» የምትሉ እናቶች ተጠንቀቁ! ጢሱ የተቆጣውን አፍንጫ ይብሱን ያስቆጣዋል፤ የፈላውም ውሃ ልጅ ያቃጥላል። ሐኪም ሳያዝም የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አትስጡ፤ አለርጂን አያድንም።

ልጁ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፥ የጎኑ አጥንት ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፥ ወይም ብርቱ ትኩሳት ከያዘው ግን፥ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አፍንጫው የተዘጋ ልጅ ሌሊት አይተኛም፤ ያልተኛ ልጅም ትምህርቱን አይከታተልም። የነፋሱን አቧራ ማስቆም አንችልም፤ የቤታችንን አቧራና ጢስ መቀነስ ግን በእጃችን ነው። ከዛሬ ጀምረን በአንድ ጣሳ ውሃና በአንድ ጢስ መውጫ እንጀምር።