የአይፒ ቁጥር የቦታ ምስክር ሊሆን ይችላልን?



በሀገራችን ደብዳቤ የሚደርሰው በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ነው። አንድ የቦኬ ነዋሪ ጭሮ ላይ ሣጥን ቢከራይ፣ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የጭሮ ነዋሪ ነው ይለዋል። ዛሬ የማነሣው ስሕተት ከዚህ ብዙም አይለይም።

አይፒ አድራሻ የኔትወርክ ቁጥር እንጂ የምድር ነጥብ አይደለም። በአፍሪካ ቁጥሮቹን የሚያድለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሞሪሸስ የሚገኘው አፍሪኒክ ነው። በመዝገቡ የሚሰፍረው ቁጥሩን የተረከበው ድርጅትና የተመዘገበበት ሀገር ነው፤ ማሽኑ የተቀመጠበት ክፍል አይደለም። ድርጅቱ ቁጥሩን በሌላ ሀገር ላለ ሰርቨር ቢያውለው፣ መዝገቡ እንደ ነበረ ሊቆይ ይችላል። ቦታ ጠቋሚ የመረጃ ቋቶች ከዚህ መዝገብና ከሌሎች ፍንጮች ግምት ያወጣሉ፤ ግምቱ ግን በካርታ ላይ ሲሰፍር እርግጠኛ ነጥብ ይመስላል።

ከዚህም የባሰ አለ። 8.8.8.8 የተባለው የጉግል ቁጥር በመዝገብ የአሜሪካ ነው፤ ነገር ግን በልዩ ልዩ አህጉራት ያሉ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ይጋሩታል። «የት ነው ያለው?» ለሚለው ጥያቄ ነጠላ መልስ የለውም።

ጉዳቱ በሰው ላይ ደርሷል። አንድ የመረጃ ቋት ባለቤት ኩባንያ «አሜሪካ» ከማለት በቀር ቦታቸው ላልታወቀ ቁጥሮች በሀገሪቱ መካከል አንድ ነጥብ መረጠ። ነጥቡ በካንሳስ አንድ የእርሻ ቤት ላይ ዐረፈ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲገለጥ ከ600 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮች ወደዚያ ቤት ያመለክቱ ነበር፤ ነዋሪዎቹም በማያውቁት ወንጀል ለዓመታት በፖሊስ ተፈልገዋል።

ታዲያ በምን እንመርምር? በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በፋይበር ከጭሮ የተላከ ጥያቄ በ10 ሚሊሰከንድ ደርሶ ቢመለስ፣ መልሱን የሰጠው ማሽን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊርቅ አይችልም፤ «አሜሪካ ነው» የሚለው መዝገብ በዚህ ይወድቃል። መልሱ በ150 ሚሊሰከንድ ቢመጣ ግን «ሩቅ ነው» ለማለት አይበቃም፤ መንገዱ ዞሮ ወይም ተጨናንቆ ሊሆን ይችላልና። የሚለካውም መልስ የሰጠው ማሽን ርቀት ብቻ ነው፤ ከበስተጀርባው ሌላ ሰርቨር ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ ተማሪዎቼን የማሳስበው ይህንን ነው፦ የአይፒ ቦታ ጥርጣሬን ሊያስነሣ ይችላል፤ ብቻውን ግን ማንንም ሊያስከስስ አይገባም።