ክኒኑ ከጎተራው ጋር እንዳያልቅ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



በመካነ ሰላም ገበያም ሆነ በለጋምቦና በሳይንት መንደሮች «ደም ግፊት የጠገበ ሰው በሽታ ነው» ሲባል ይሰማል። አባባሉ እውነት ቢሆን ኖሮ አርሶ አደሩ ከዚህ ሕመም በተረፈ ነበር። ይሁን እንጂ በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደ ጥናት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው፣ አብዛኞቹም ሕክምና እንደማይከታተሉ አሳይቷል።

ወሎ ረሃብን ያውቀዋል። የ1966ቱና የ1977ቱ እልቂት ከሽማግሌዎች አፍ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ያለው ችግር ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። በልግ ሲከዳ፣ ውርጭና በረዶ ገብሱን ሲመታ፣ ክረምት ላይ ጎተራው ይራቆታል። ደም ግፊት ያለበት ሰው ሕክምናም የሚሰናከለው በዚሁ ወቅት ነው። ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው።

አንደኛው ገንዘብ ነው። ጥር ላይ እህሉን በርካሽ የሸጠ አባወራ ሐምሌ ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። በእጁ የቀረችው ብር ለእህል ወይስ ለክኒን ትሁን ሲባል የልጆች ጉሮሮ ይቀድማል፤ ክኒኑ ይቀራል። ስለማያመውም የጎደለበት ነገር ያለ አይመስለውም። ደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ራስ ምታት ሲመጣ ብቻ ክኒን መዋጥ ሕክምና አይደለም። ሳይታከም የቆየ ግፊት ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ድካም ይዳርጋል። በእርሻ ወቅት አራሹ አልጋ ላይ ከዋለ ደግሞ ያ ቤት በሚቀጥለው ዓመትም ይራባል።

ሁለተኛው «ባዶ ሆድ ላይ መድኃኒት አይወሰድም» የሚለው እምነት ነው። በስፋት የሚታዘዙት አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ሊወሰዱ ይችላሉ። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ሳይበላና ሳይጠጣ የዋለን ወይም ተቅማጥ የያዘውን ሰው ሊያዞረው ይችላል። ስለሆነም ታካሚው «እህል የለኝም» ማለትን እንደ ገመና ሳይቆጥር ለጤና ባለሙያው መንገር አለበት። ባለሙያውም ሳይጠየቅ ቢጠይቅ መልካም ነው። በጾምና በረመዳንም ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ የመድኃኒቱን ሰዓት ማስተካከል እንጂ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።

ሦስተኛው ጨው ነው። ወጡ ሲሳሳ ጨውና በርበሬው ይበዛል። ጨው በርበሬው ሲዘጋጅ አንድ ጊዜ፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ሌላ ጊዜ፣ ድስቱ ላይ ደግሞ እንደገና ይገባል። በወሎ ቡናውን በጨው የሚጠጣም ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ነው። አዮዲን ያለው ጨው እንቅርትን ይከላከላል፤ ለደም ግፊት ግን ያው ጨው ነው። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨዉን መቀነስ፣ ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርትና በጦስኝ መተካት፣ ከደጋው ምርት ድንች፣ ባቄላ፣ አተርና ጎመን ማዘውተር ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ታዲያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ ምንድን ነው? አባሉ ምርቱን በጥር ሁሉንም እንዳያወጣ መምከር፤ በመኸር የተገዛውን እህል በመጋዘን አቆይቶ በክረምት በተመጣጣኝ ዋጋ ለአባላት መመለስ፤ የጓሮ አትክልት ዘር ማቅረብ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የአማራ ክልልን ጨምሮ በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም አለ። መዋጮውን እህል በእጅ ባለበት ወቅት፣ በአባሉ ፈቃድ ከሽያጩ ላይ ቀንሶ መክፈል ይቻላል። ጠቅላላ ጉባኤ በሚደረግበት ቀንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የአባላትን ግፊት ቢለኩ፣ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲረጋገጥለት ማድረግ ይቻላል።

እነዚህ ሥራዎች ከማኅበራት ዓላማ ውጭ አይደሉም። ከሰባቱ የኅብረት ሥራ መርሆዎች የመጨረሻው ለማኅበረሰብ ማሰብ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚቀርበው ለአራሹ ነው፤ አራሹ ደግሞ በሕይወትና በጤና መኖር አለበት። የመጋዘን ቁልፍ የያዘ ማኅበር የአባሉን ክኒን ክረምቱን ለማሻገርም አቅም አለው።

መልካም የምሥረታ በዓል!